ማለዳ ተነስታ የምትጠፋው ቪትዝ፦ አንድ የደብረ ብርሃን ጉዳይ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምስራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,840 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ያለ ደመና ጥርት ብሎ ያድራል። ማለዳ ሲወጡ ሳሩ በውርጭ ነጭቶ ይገኛል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት ካልኩ ብርዷን ለመግለጽ ብዙ አልደክምም። እዚህ ጋራዥ የከፈተ ሰው ቆላ ያለ መካኒክ እምብዛም የማያጋጥመውን ዓይነት ስሞታ ይሰማል።

በዚያ ወቅት የሚመጣልን ስሞታ አብዛኛው አንድ ነው፤ "ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለችኝ።" ነገሩ ሲጠየቅ ግን ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዳንዷ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እየጎተተ ሞተሩ ጨርሶ አይይዝም። ሌላዋ ደግሞ ቁልፍ እንደተነካ ትነሳለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትሰራለች፣ ከዚያ ዙሯ እየወረደ ትጠፋለች። የመጀመሪያዋ ብዙ ጊዜ የባትሪ፣ የካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ወይም የነዳጅ ጉዳይ ነው። ሁለተኛዋ ግን ተነስታ አሳይታናለች። ብልጭታ አለ፣ ነዳጅ ደርሷል፣ ባትሪውም አዙሯል ማለት ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከሌላ ቦታ መጀመር አለበት።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንዲት ሁለተኛዋን ዓይነት መኪና ነው። መርጬ የጻፍኩት በሁለት ምክንያት ነው። ችግሯ የአንድ ትልቅ ብልሽት ሳይሆን የትንንሽ ነገሮች ድምር ነበር። ደግሞም ረፋድ ላይ ማንም ቢያያት "ደህና ናት" ብሎ የሚመልሳት መኪና ነበረች።

መኪናዋና ታሪኳ

የ2002 ስሪት ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ አውቶማቲክ። ነዳጅ የሚረጨው በኢንጀክተር ነው፤ የአየር በሩ፣ ማለትም ትሮትሉ፣ የሚከፈተው ግን ከፔዳሉ በሚመጣ ካቦ ነው። ባለቤቷ ከሃምሳ ዓመት ያለፋቸው መምህር ናቸው። መኪናዋን የገዙት ጥቅምት ላይ ናዝሬት ከሚኖር ሰው ነው። ጥቅምትን በሰላም ነዷት። ህዳር ሲጋመስ ግን ማለዳ ማለዳ መጥፋት ጀመረች።

እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ጋራዥ ሄደዋል። ባትሪ ተቀይሯል። አራቱም ካንዴላዎች ተቀይረዋል። የነዳጅ ፊልትሮም አዲስ ነው። ቀጥሎ የታሰበው የነዳጅ ፓምፕ መቀየር ነበር። እሳቸው ግን ወጪው ሲበዛባቸው ቆም አሉ። የተቀየሩት ዕቃዎች አልጎዷትም፤ ጠዋት መጥፋቷን ግን አላስቆሙትም።

ጋራዥ የወሰዷት ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነው። ማለዳ እንደምንም አስነስተው፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰው፣ ከዚያ ነው መንገዳቸውን ወደ ጋራዥ የሚያደርጉት። ያኔ ሞተሩ ሞቋል። በኮምፒውተር ሲያዩዋት የብልሽት ኮድ የላትም፣ መብራትም አላበራችም። ስለዚህ የቀረው ግምት ነው፤ በግምት ደግሞ ዕቃ ይቀየራል።

መጀመሪያ ጥያቄ ነው

ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት ቁጭ ብለን አወራን። ይህን ጊዜ የምሰስት ሰው አይደለሁም። ባለቤቱ ሳያውቀው ግማሹን ምርመራ ሰርቶ ነው የሚመጣው።

"ጋሼ፣ ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል?"

"ያዞራል እንጂ። በአንዴ ነው የምትነሳው። ከዚያ ድክም ትልና ትጠፋለች።"

"ነዳጅ ሲረግጡላትስ?"

"ስረግጥላትማ አትጠፋም። እግሬን ያነሳሁ ጊዜ ነው ጉዱ።"

"ከሞቀች በኋላ ቀን ላይ አጥፍተው ሲያስነሱ?"

"ምንም አትል። ምሳ ሰዓትም ማታም ደህና ናት።"

"ከገዟት ወዲህ ናዝሬት ወስደዋት ያውቃሉ?"

እዚህ ላይ ትንሽ አሰቡ። "ለሰርግ ሄጄ አድሬያለሁ። እዚያማ ጠዋትም ምንም አላለችኝ። ለዚህ እኮ ነው ልጄ፣ ሰውየው የሸወደኝ። ቆላ ላይ ፈትሼ ገዛኋትና ደጋ ስትደርስ ጉዷ ወጣ።"

እነዚህ መልሶች ብዙ ነገር ይዘዋል። ነዳጅ ሲረገጥ የማትጠፋ መኪና ይበልጥ የምትፈልገው አየር ነው። ፔዳሉ በቀጥታ የሚከፍተው የአየሩን በር ነው፤ ነዳጁን ኮምፒውተሩ ከገባው አየር ጋር አመጣጥኖ ይጨምራል። ቤንዚን በጣም ያጠራት መኪና ብትሆን ኖሮ ፔዳሉ ሲረገጥ ይብስባታል፤ ታንቃለች፣ በአየር መግቢያው በኩልም ልትተኩስ ትችላለች። ይቺ ግን በፔዳል ትድናለች። እንግዲህ እግር ሳይነካት ራሷ አየር የምታስገባበት መንገድ፣ ማለትም ሚኒሞዋን (ፔዳል ሳይረገጥ የምትዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) የሚይዘው ክፍል፣ ተጠርጣሪ ሆነ።

የናዝሬቱ መልስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳበኝ። መኪናዋ አንድ ናት፣ ሾፌሩ አንድ ነው። የተለየው ብርዱና ከፍታው ነው።

ሙቅ ሞተር ላይ የሚታየው

መኪናዋ ስትደርስ አመሻሽ ላይ ነበር፣ ሞተሩም ሙቅ ነው። በሙቅ ሞተር የብርድ ችግር አይገኝም፤ አንዳንድ ነገሮችን ከጥርጣሬ ማውጣት ግን ይቻላል። የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰክቼ የነዳጅ ማስተካከያውን አየሁ። ይህ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከጭስ ማውጫው የኦክስጅን ሴንሰር ተነስቶ በነዳጁ ላይ ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይናገራል። 3 በመቶ ገደማ ብቻ እየጨመረ ነበር። ፓምፑ ቢደክም ወይም በተሰነጠቀ ቱቦ ያልተቆጠረ አየር ቢገባ ኖሮ ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ 15 እና 20 በመቶ ይደርስ ነበር። በተለይ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ይዤም ቁጥሩ ስላልተነቃነቀ ፓምፑን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አወጣሁት።

እዚህ ላይ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ይህ ራስን የማረም ሥራ የሚጀምረው የኦክስጅን ሴንሰሩ ከጋለ በኋላ ነው። ማለዳ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ኮምፒውተሩ የሚያርመው ሰው የለውም። ከሌሎች ሴንሰሮች በሰማው ብቻ ይሰራል። የሰማው ስህተት ከሆነ ስህተቱን እስከ መጨረሻው ይሰራበታል። ሞተሩ ሲሞቅ ግን እርማቱ ይገባና ስህተቱ ይሸፈናል። ረፋድ ላይ ጋራዥ የደረሰች መኪና ጤነኛ የምትመስለው ለዚህ ነው።

"ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ ትደር።"

"ቤት ወስጄ በማለዳ ባመጣትስ?"

"ካመጧትማ ሞቃ ነው የምትደርሰኝ። በሚያማት ሰዓት ላያት እፈልጋለሁ።"

ቁልፉን ሰጡኝ። ከቆርቆሮው ጥላ ስር አውጥቼ ሰማይ በሚያያት ቦታ አቆምኳት። ጣሪያ ስር ያደረ መኪና ጥቂት ዲግሪ ይሞቃል፤ ያቺ ጥቂት ዲግሪ ደግሞ ውጤቱን ልትደብቀው ትችላለች።

ማለዳ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፊት ለፊቱ መስታወት በውርጭ ተሸፍኖ ነበር። የቴርሞሜትሩ ንባብ 3 ዲግሪ። ቁልፉን ወደ ማብሪያው ብቻ አዞርኩት፤ ሞተሩን አላስነሳሁም። በዚህች ሰዓት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ሌላ ጊዜ የማይገኝ መረጃ አለ።

ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ያደረች መኪና ሁለመናዋ አንድ ዓይነት ሙቀት ነው የሚኖራት። ዘይቱ፣ ብረቱ፣ የራዲያተሩ ውሃ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር፣ ሁሉም ከውጪው ብርድ ጋር ተስተካክሏል። ስለዚህ የአየር ሙቀት ሴንሰሩና የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ የሚሰጡት ቁጥር ቢለያይ በአንድ ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው።

ስካነሩ እንዲህ አለ፤ የሚገባው አየር 4 ዲግሪ፣ የሞተሩ ውሃ 22 ዲግሪ።

እጄን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ አደረግሁ። እጅ ያቆረፍዳል። 22 ዲግሪ የሚባል ነገር እዚያ ሞተር ውስጥ የለም።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚከብድ ላስረዳ። ቤንዚን በቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲረጭ በደንብ አይተንም፤ ከፊሉ በፈሳሽነቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል። የሚቃጠለው የተነነው ብቻ ስለሆነ ማለዳ ትርፍ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። ዘይቱም ስለሚወፍር ሞተሩ ራሱን ለማዞር ብቻ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ትርፍ አየር መስጠት ያስፈልጋል። በድሮዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ሾፌሩ ይህን በእጁ ነበር የሚያደርገው፤ ቾኩን ይስባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይመልሳል። ዛሬ ኮምፒውተሩ ያደርገዋል። ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነው በዋናነት በዚያች አንዲት የውሃ ሙቀት ሴንሰር ንባብ ነው። 22 ዲግሪ ነው ከተባለ ለ22 ዲግሪ የሚበቃ ነዳጅና አየር ይሰጣል። ሞተሩ ግን 3 ዲግሪ ላይ ነው ያለው።

አስነሳኋት። ወዲያው ያዘች፣ ዙሯ በደቂቃ እስከ 1,100 ወጣ። ከዚያ 800፣ 600፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ልክ ጋሼ እንዳሉት ነው። ሁለተኛ አስነስቼ ፔዳሉን በስሱ ነካሁላት። እየተንገጫገጨችም ቢሆን ሳትጠፋ ቆየች። እግሬን ሳነሳ ጠፋች። ሞተሩ እንዳይሞቅብኝ እዚያው ላይ አቆምኩ።

ሶኬቱ

የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ቴስታታው ላይ በማርሽ ሳጥኑ በኩል ተቀምጧል። የአየር ቱቦውን ገለል ካደረግህ እጅ ይደርሰዋል። አሰራሩ ቀላል ነው፤ ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚጨምር፣ ሲሞቅ የሚቀንስ ዕቃ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሴንሰር 0 ዲግሪ ላይ ወደ 6,000 ኦም፣ 20 ዲግሪ ላይ 2,500 ኦም ገደማ፣ 80 ዲግሪ ላይ 300 ኦም ገደማ ነው የሚሆነው።

ሶኬቱን ነቅዬ ሴንሰሩን በቴስተር ለካሁት። ከ5,000 ኦም ትንሽ በለጥ ያለ ቁጥር መጣ። ለ3 ዲግሪ ልክ ነው። ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ ነው ማለት ነው!

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስካነር ላይ የተሳሳተ ሙቀት ታየ ማለት ሴንሰሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት አለ፣ ገመድ አለ። ስካነሩ የሚያሳየን ኮምፒውተሩ ጋ የደረሰውን ነው።

ሶኬቱ እንደተነቀለ ስካነሩን እንደገና አየሁ። ገመዱ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ሲንጠለጠል ኮምፒውተሩ ማንበብ ያለበት 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ የተቋረጠ መስመር ምልክቱ ይህ ነው። የታየው ግን 8 ዲግሪ ነው። ምንም ሴንሰር ሳይኖር ኮምፒውተሩ ሴንሰር ያለ ይመስለዋል። በሁለቱ ገመዶች መሃል የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ ሾልኮ እያለፈ ነው።

ሶኬቱን ወደ ብርሃን አዙሬ ውስጡን አየሁት። ውሃ እንዳይገባ የሚያደርገው የላስቲክ ቀለበት የለም። ሁለቱ ፒኖች የሚገቡበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ጋግሯል። በዝገቱ ላይ የሌሊቱ እርጥበት ያብለጨልጫል። ያ እርጥብ ዝገት በሁለቱ ፒኖች መካከል ድልድይ ሠርቷል። በ8 ዲግሪው ንባብ ስንመልሰው ድልድዩ 4,000 ኦም አካባቢ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው፤ የዚህ ጉዳይ ልቡ እዚህ ነው። 5,000 ኦም ያለው ሴንሰርና 4,000 ኦም ያለው ድልድይ ጎን ለጎን ሲሆኑ አብረው የሚሰጡት 2,200 ኦም ገደማ ነው። ይህ የ22 ዲግሪ ንባብ ነው። ስህተቱ 19 ዲግሪ ሆነ። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ሴንሰሩ 300 ኦም ውስጥ ይወርዳል። ከ300 ኦም ጎን 4,000 ኦም ብታስቀምጥ የሚለወጠው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ ሲግል እርጥበቱ ስለሚደርቅ ድልድዩ ራሱ ይዳከማል። ብልሽቱ ያለው በብርድ ብቻ ነው የምንለው መኪናዋ አመል ስላላት ሳይሆን ቁጥሩ ስለሚያስገድድ ነው።

የቼክ ኢንጂን መብራት ያልበራውም ለዚሁ ነው። ኮምፒውተሩ ኮድ የሚመዘግበው መስመሩ ሲቋረጥ ወይም ሁለቱ ገመዶች ሲነካኩ ነው። 22 ዲግሪ የሚለው ንባብ ግን ሊሆን የሚችል ሙቀት ነው። ኮምፒውተሩ ውሸት ነው ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም።

ሶኬቱን በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይና በቀጭን ብሩሽ አጸዳሁት፤ በአየር አደረቅሁት። ሳይሰካ ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 አለ። ሲሰካ 6 ዲግሪ አለ፤ ጸሐይ እየወጣች ስለነበር የአየር ሴንሰሩም 6 ይላል። ተስማሙ።

ዝገቱ ከየት መጣ? የዚህች ቪትዝ ሞተር ከዕድሜዋ ጋር የማይሄድ ንጣት ነበረው። ለመኪና ገበያ የተዘጋጀ ሞተር ማለት ይህ ነው። ላቫጆ ገብታ ሞተሯ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ታጥቧል። ቀለበቱ የጎደለው ሶኬት ያን ውሃ ጠጥቶ ቀስ በቀስ ዝጓል። ጋሼ በኋላ ለሻጩ ደውለው ሲጠይቁት ከመሸጡ በፊት ማሳጠቡን ነግሯቸዋል። ክፋት አልነበረበትም። እዚያ ደግሞ አንድም ቀን ጠፍታበት አታውቅም። ሰውየው እንዳልዋሻቸው ጋሼን ለማሳመን ከጥገናው እኩል ደክሜያለሁ። ሰው በከንቱ እንዲጠረጠር አልፈልግም፤ መኪና ሲገዛና ሲሸጥ በዚህ ምክንያት የሚቀያየም ሰው ብዙ ነው።

ገና አልጨረስንም

ሶኬቱ ከተስተካከለ በኋላ አስነሳኋት። ለውጡ ግልጽ ነው፤ አልጠፋችም። ግን ደስ አላለችኝም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን አውቆ ዙሩን ወደ 1,400 ማውጣት ነበረበት። 900 ላይ እየዋለለች ቆመች። ስካነሩ ላይ ኮምፒውተሩ የሚኒሞ ቫልቩን በሰፊው እንዲከፈት እያዘዘው ነው። ትዕዛዙ አለ፣ አየሩ ግን አልመጣም።

ይህ ቫልቭ ትሮትሉ ላይ ተጣብቆ ያለ ነው። እግራችን ፔዳሉን ሳይነካ ለሞተሩ የሚያስፈልገውን አየር በጎን በኩል ያሳልፋል። የአየር ቱቦውን ፈትቼ ትሮትሉን በባትሪ መብራት አየሁት። የበሩ ጠርዝ ዙሪያውን ጥቁር ጥላሸት ጋግሯል። ወደ ቫልቩ የሚሄደው ቀዳዳ ከግማሽ በላይ ጠቧል። ይህ ከሞተሩ ተመልሶ የሚመጣ የዘይት ጭስ የሚያስቀምጠው ካርቦን ነው። በዓመታት የሚጠራቀም ነገር ነው፣ ማንም ጥፋተኛ የለውም።

ትሮትሉን ከነቫልቩ አወረድኩት። የትሮትል ማጽጃ ጨርቅ ላይ እየረጨሁ ጠረግሁ። ጨርቁ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ቫልቩን ስናጸዳ ፈሳሹ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ እንዳይገባ ቀዳዳውን ወደ ታች መያዝ ነው። የውስጡ የሽቦ ጥምዝምዝ ከራሰ ቫልቩ ዋጋ የለውም። ጉዋርኒሲዮኑን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) ቀይሬ መለስኩት።

አንድ ልማድ አለ፤ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ሚኒሞ ሲወርድ ብዙ ሰው የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን አዙሮ በሩን በትንሹ ከፍቶ ይተወዋል። ማለዳ አትጠፋም፣ እውነት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ዙሩ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ነዳጅ ይበላል። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ ማርሽ ስታስገባ ትገፋለች፤ ፍሬን ላይ ቆመህ ወደፊት ትስብሃለች። ያ ብሎን በፋብሪካ የተለካ ነው፣ አይነካም።

ናዝሬት ላይ ለምን ዝም አለች

የጋሼን ጥያቄ ሳልመልስ መኪናዋን ማስረከብ አልፈለግሁም።

በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ናዝሬት 1,700 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ወደ 82 ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ 72 አካባቢ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ለመቆም የሚፈልገው የአየር ክብደት ግን ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ያንኑ አየር ለማግኘት ደብረ ብርሃን ላይ ቫልቩ ናዝሬት ላይ ከሚከፈተው ከ10 በመቶ በላይ በርክቶ መከፈት አለበት። ብርዱ አየሩን በመጠኑ ያወፍረዋል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ ዘይቱን ያወፍረዋልና ትርፉ ይበላል። ግማሹ የተደፈነ ቀዳዳ ቆላ ላይ እንደምንም ይበቃል። እዚህ አይበቃም።

የሶኬቱም ነገር እንዲሁ ነው። ናዝሬት ላይ ማለዳው 13 ዲግሪ ቢሆን ያው ድልድይ ንባቡን ወደ 28 ይወስደዋል። ይህም ስህተት ነው። ግን 13 ዲግሪ ላይ ያለ ሞተር ትንሽ ነዳጅ ቢያንሰው ይችለዋል። ቤንዚኑ በተሻለ ይተናል፣ ዘይቱም ቀጭን ነው። 3 ዲግሪ ላይ ያለ ሞተር ያን ምህረት አያገኝም።

ስለዚህ መኪናዋ ከናዝሬት ስትመጣ ሁለቱንም ጉድለት ይዛ ነው የመጣችው። ከፍታውና ብርዱ ሲጨመሩ ሞላ። አንዱን ብቻ አስተካክለን ብንለቃት ኖሮ ትሻላት ነበር። ጥር ላይ ብርዱ ሲጠነክር ግን መመለሷ አይቀርም ነበር።

ውጤቱ

ሁለተኛ ሌሊት ሜዳ ላይ አሳደርኳት። ጋሼ በማለዳ መጡ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ቴርሞሜትሩ 2 ዲግሪ። ስካነሩ አየር 3፣ ውሃ 3።

"እርስዎ ያስነሷት ጋሼ። እግርዎን ግን ፔዳሉ ላይ እንዳያደርጉ።"

አስነሷት። 1,500 ላይ ወጥታ ቆመች። ምንም መንገጫገጭ የለም። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ዙሩ ቀስ እያለ ወርዶ በመጨረሻ 700 አካባቢ ረጋ። ጋሼ እግራቸውን ከፔዳሉ አርቀው ወንበሩ ስር አስገብተው ነበር የተቀመጡት።

"በቃ ይሄው ነው? ፓምፕ አልተቀየረ?"

"ፓምፑ ደህና ነው ጋሼ።"

የጸዳውን ሶኬት እንዳለ አልተውኩትም። ቀለበት የሌለው ሶኬት በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ይደግማል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ከተፈታ ሞተር ላይ የወጣ፣ ቀለበቱ ያልተነካ ሶኬት ከነቁራጭ ገመዱ አስመጣሁና ቀጠልኩት። መጋጠሚያውን በይጄ በቱቦ ሸፈንኩት። ሞተር ማሳጠብ ካስፈለገ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ፣ ግፊት ያለው ውሃ ወደ ሶኬቶቹ እንዳይቀርብ ነግሬያቸዋለሁ። ሌላም ያስጠነቀቅኳቸው ነገር ነበር። መኪናዋ ስትቸግራቸው ግቢያቸው ውስጥ ባለው የተዘጋ ጋራዥ ብዙ ደቂቃ እያስነሱ ያሞቋት ነበር። የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ጠዋት መኪና የሚሞቀው ውጪ ነው።

ጥር ላይ ለዘይት ቅያሪ ሲመጡ እንደገና አየኋት። ከብርዱ ከባድ ሌሊቶች አልፋ ነበር። ሶኬቱ ደረቅ ነው፣ ማለዳ ጠፍታም አታውቅም።

ይህን የሚያነብ፣ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ስልክ ላይ የሚሰራ አነስተኛ የኮድ ማንበቢያ ቢያገኝ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ነገር አለ። መኪናው ሌሊቱን ውጪ ይደር። ማለዳ ሞተሩን ሳያስነሱ ማብሪያውን ብቻ ከፍቶ የአየርና የውሃውን ሙቀት ማየት ነው። ከ5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ውስጡን ማየት ይቅደም። ሁለቱ ከተስማሙና መኪናው በፔዳል የሚድን ከሆነ ወደ ትሮትሉና ወደ ሚኒሞ ቫልቩ መሄድ ነው። በፔዳል የሚብስበት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከዚህ የተለየ ነው፤ ያኔ ግፊት መለኪያ ተሰክቶ የነዳጁ ግፊት ይለካል፣ እሱም ቢሆን በማለዳ።